የዓሣ ዘንግ በሰባት ወንበር መኪና

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ያራገፍኩት የአንድ የቧንቧ ሠራተኛ ቫን ነበር። የቀጠረኝ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ አጠገብ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ያለ፣ ለሥራ መኪኖች መደርደሪያ የሚገጥም ወርክሾፕ ነው። ማዕረጌ ረዳት ነበር። የረዳት ሥራ ማራገፍ፣ መጥረግና አፍን መዝጋት ነው። አለቃው ዴል ይባላል፤ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነበር። "ሁሉንም አውጥተህ ወለሉ ላይ ዘርጋው" አለኝና ሄደ።

አወጣሁ፣ ዘረጋሁ። አንድ ዓይነት የቧንቧ መፍቻ ሦስት አገኘሁ። ሦስቱም ደህና ናቸው። ባለቤቱን ለምን ሦስት እንደሆኑ ጠየቅኩት። "አንዱ ሲጠፋብኝ ሌላ እገዛለሁ" አለኝ፣ ምንም ሳያፍር። የጠፋበት እኮ እዚያው በገዛ መኪናው ውስጥ ነው! ሰው ዕቃ የሚያበዛው ስለጎደለው ሳይሆን ያለበትን ስለማያውቅ መሆኑ ያን ቀን ገባኝ። ማንም አላስተማረኝም። እዚያ ቤት ዕድሜያቸውን የፈጁ ገጣሚዎች ነበሩ፤ እነሱ ሦስት መፍቻ ሲያዩ የሚያዩት ሦስት መፍቻ ብቻ ነው።

ከረዳትነት ገጣሚ ሆንኩ፣ ከገጣሚነት ዋና ገጣሚ። ዋና ገጣሚ ማለት ሌላው ያበላሸውን የሚፈታ ማለት ነው። ብዙ ፈታሁ።

ወደ ዓሣ ዕቃ ያስገባኝ የዴል ጅልነት ነው። አዲስ አበባ ተወልጄ ስላደግኩ ዓሣን የማውቀው ሳህን ላይ ተጠብሶ ነበር። እዚህ ግን ሐይቁ ሲረጋ በረዶውን በስተው፣ ሲቀልጥ ዳር ቆመው ያጠምዳሉ። ዴል ዘንጎቹን ከኋላ በር እስከ ፊት መስታወት፣ በሁለቱ ወንበሮች መሐል አጋድሞ ይነዳል። የዘንጉ ጫፍ መሪው አጠገብ እንደ ፌንጣ አንቴና ይንቀጠቀጣል። የኋላውን በር ሲደፋው እጀታው ይገፋና ጫፉ መስታወቱ ላይ ቀጭ ይላል። አዲስ ዘንግ ይገዛል፣ ደግሞ በር ይደፋበታል።

"መስቀያ ልግጠምልህ" አልኩት አንድ ቀን።

"አንተ በሕይወትህ ዓሣ አጥምደህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም። አንተ በር ስትዘጋ ግን አይቻለሁ።"

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ዴል አልሳቀም፤ ቁልፉን ግን ወረወረልኝ።

ከጣራው እጀታዎች ላይ ሁለት አግዳሚ አሠርኩ፣ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ። ዘንጎቹ እንዳይፋጩ አግዳሚዎቹን በስፖንጅ ጠቀለልኳቸው። የዘንጎቹን እጀታ ወደ ኋላ በር አዞርኩ፤ በር ሲከፈት እጅ መጀመሪያ ማግኘት ያለበት እጀታውን ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ጫፉን ይዞ ይጎትታል፣ ከዚያ ፋብሪካውን ይሰድባል። ዴል ከዚያ ወዲህ ዘንግ አልሰበረም። "አመሰግናለሁ" አላለኝም። ደንበኛ ሲመጣ ግን መኪናውን ከፍቶ "የእኛ ሥራ" እያለ ያሳይ ነበር። የእኛ!

ከዚያ በኋላ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ እኔን ፍለጋ መጣ። እኔም በእረፍት ቀኔ ሐይቅ ዳር እየሄድኩ ተቀመጥኩ። ሌላው ዓሣው የሚነክስበትን ቦታ ያያል፤ እኔ የማየው ሰው ዕቃውን እንዴት እንደሚፈልግ ነበር። አንዱ መንጠቆ ለማግኘት ቦርሳውን እንዳለ መሬት ላይ ይደፋል። ሌላው መንጠቆ ማስመጫ እርሳሱን ከሳንድዊቹ ጋር በአንድ ኪስ ይከታል። ያየኋቸውን ስህተቶች እያረምኩ ሙያ አወጣሁ። ማጥመዱንም በዚያው ለመድኩት፤ ከብዙዎቹ ሳልሻል አልቀርም።

መደብር ውስጥ የሚሸጠውን ማደራጃ ተብዬ አትጠይቁኝ። ወንበር ጀርባ ላይ የሚንጠለጠል ጨርቅ ነው፤ ላዩ ላይ ኪስ በኪስ። የኪስ ብዛት ሥርዓት ይመስላቸዋል። ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ በጨርቅ ኪስ ማስቀመጥ ድመትን በሹራብ ጠቅልሎ እንደመያዝ ነው፤ ሹራቡም ያልቃል፣ ድመቷም ትወጣለች። የዓሣውን ሽታ ደግሞ መስታወት ላይ በሚንጠለጠል የጥድ ሽታ ባለው ካርቶን ሊያጠፉት ይሞክራሉ። ውጤቱ ጥድ ላይ የወጣ ዓሣ ነው። የሚሸተው እርጥብ መረብና እርጥብ ጨርቅ መሆኑን አፍንጫ ያለው ሰው ሁሉ ሊደርስበት በተገባ ነበር።

እኔና ዴል የተጣላነው በመጨረሻው ረድፍ ወንበር ነው። የዴል ሕግ፣ የአሜሪካኖቹም ሁሉ ሕግ፣ አንድ ነው፤ ባለ ሰባት ወንበር ሚኒቫን ሲመጣ የኋላውን ረድፍ አጥፈህ መሳቢያ ትገጥምበታለህ። የእኛ ሰዎች ሲመጡ ይህ ሕግ አይሠራም። አንድ የአገሬ ልጅ ወንበሩ ሳይነካ ይሠራልኝ ብሎ ሲመጣ ዴል ጠራኝ።

"ስንት ልጅ አለው?"

"አንድ።"

"ታዲያ ሰባት ወንበር ለማን ነው?"

"እሱም አያውቅም። ቅዳሴ ሲወጣ ነው የሚታወቀው።"

አልገባውም። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወጥቶ "እግረ መንገድህን ጣለኝ" ሲልህ፣ "ወንበሩን በዓሣ መሳቢያ አጥፌዋለሁ" አይባልም። እግረ መንገዱ ሦስት ከተማ ዞሮ ቢሆንም አይባልም። በዚያ ላይ ዴል የሚወደው የጣራው መስቀያ የሚታሠርበት እጀታ የአሮጊት እጀታ ነው፤ እናቶቻችን ሲገቡ እሱን ይዘው ነው የሚነሡት። ዘንግ ካሠርክበት ዘንግ ይዘው ይወድቃሉ። "ይህ የእኛ ደንበኛ አይደለም" አለ ዴል። "እንግዲያው የእኔ ይሆናል" አልኩት። ጡረታ ስወጣ ሴንት ፖል ባለው ቤቴ ጋራዥ ውስጥ ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ደንበኞቼም ተከትለውኝ መጡ።

ወርቁ የመጣው ወደዚያ ጋራዥ ነው። ዉድበሪ ይኖራል፣ በራሱ ሚኒቫን ለአንድ ካምፓኒ ሕሙማንን ያመላልሳል። ዳያሊሲስ፣ የኩላሊት እጥበት፣ ያለባቸውን ሚኒያፖሊስ ያደርስና እስኪጨርሱ ሰዓታት ይጠብቃል። ሌሎቹ ሾፌሮች ያንን ሰዓት መኪና ውስጥ ተኝተው ወይም በስልክ ሲጨቃጨቁ ያሳልፉታል። ወርቁ ግን ሐይቅ ዳር ይቆማል። ከመኪናው ሲወርድ ፊቱ የቀብር ፊት ነበር።

"ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ። እማማ ዘነቡን መንጠቆ ያዛቸው።"

እማማ ዘነቡ ከሚያመላልሳቸው አንዷ ናቸው፤ ምላሳቸው ከመንጠቆ የማይተናነስ ሴት። ከመኪናው ሲወርዱ የነጠላቸው ጥለት ወደ ኋላ ቀረ፤ ሲስቡት ተቀደደ፤ መንጠቆው ከእጃቸው በጣት ስፋት ነው ያለፈው። ልጃቸው ለካምፓኒው ደወለች። አለቃው ወርቁን ጠርቶ፣ "ሰኞ አንድ ጊዜ ታመጣቸዋለህ፤ ሲመለሱ ራሳቸውን እንጠይቃለን፤ አልተመቸኝም ካሉ ኮንትራትህ አበቃ" አለው።

"ዘንጎቹን ቤት አትተዋቸውም?" አልኩት። ልቡን ልፈትን ነው።

"ባለቤቴም ያለችው ይህንኑ ነው። ግን ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም ነው የምሸከመው። ያቺ ሰዓት ናት እንደ ሰው የምታኖረኝ።"

ያን ካለኝ በኋላ ሌላ አልጠየቅኩትም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሚወዱት ትቼ የኋላውን በር ከፈትኩ። ሳየው ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ከቪዲዮ የተማረ ፋሲል የሚባል ልጅ መሳቢያ ሠርቶለታል፤ ውስጡን ምንጣፍ አልብሶታል። ምንጣፍ! መንጠቆ ከውኃ ቀጥሎ የሚወደው ነገር ምንጣፍ ነው። ይገባበታል፣ ይደበቅበታል፣ ከመሳቢያው ጋር አብሮ ይወጣና በሱሪ፣ በካልሲ፣ በቦርሳ ተሳፍሮ ወደ ፊት ወንበር ይሄዳል።

ወርቁ እዚያው ስልክ ደውሎ ፋሲልን አገናኘኝ።

"ጋሼ፣ አንተ ደግሞ! ቪዲዮውን ስንት ሰው እንዳየው ታውቃለህ?" አለኝ።

"አይተውታል። ተቀምጠውበታል ወይ?"

ስልኩን ለወርቁ መለስኩለት። እኔም መፍቻዬን አነሣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት መሳቢያውን ነቅዬ ውጭ ጣልኩት። ከመጨረሻው ረድፍ ወንበር ጀርባ ጥልቅ ጉድጓድ አለ፤ መኪናው ሲሠራ ለሻንጣ ተብሎ የተተወ ነው። ሰው ሁሉ ፌስታልና ያረጀ ኳስ ይጥልበታል። እኔ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው የምሠራው። ወርቁን ለሁለት የማይከፈሉትን ዘንጎች ለሌላ ሰው ስጣቸው አልኩት፤ ለሁለት የሚከፈሉት ከነክዳኑ ቧንቧ ውስጥ ገብተው ጉድጓዱ ግርጌ ላይ ተጋደሙ። ከላያቸው ሁለት ሳጥን አስቀመጥኩ፤ አንዱ ለደረቅ፣ አንዱ ለእርጥብ። መረብ፣ ጨርቅና የትል ጣሳ እርጥቡ ውስጥ፣ ክዳኑ በጎማ ተጠርቅሞ። ደረቁና እርጥቡ እንደ ባላንጣ አይገናኙም። በላያቸው ከወለሉ እኩል የሆነ የጣውላ ክዳን ገጠምኩ። እማማ ዘነቡ የሚደገፉበት ባለ ጎማ መሄጃ እዚያ ላይ ይቆማል፤ ሥሩ የዓሣ ዕቃ እንዳለ ሰይጣን አያውቅም።

የመንጠቆው ነገር የእኔ ብቻ ነው፤ ከማንም አልወሰድኩትም። ያረጀ የሸበጥ ሶል ቆርጬ ደረቁ ሳጥን ክዳን ውስጥ አጣበቅኩ። እያንዳንዱን መንጠቆ ሶሉ ላይ አስተኝቼ ዙሪያውን በቀለም አሰመርኩ። መንጠቆ ሁሉ የራሱ አልጋ አለው። ሲነሣ አልጋው ባዶ ሆኖ ይታያል። መቁጠር አያስፈልግም፤ ቆጣሪ ይሳሳታል፣ ባዶ አልጋ ግን አይዋሽም።

ወርቁ አለቀ ብሎ ቁልፉን ሊወስድ እጁን ዘረጋ። "ገና ነው" አልኩትና የባለቤቴን ያረጀ ነጠላ ከቤት አመጣሁ። ነጠላውን ወንበሩ ላይ ዘርግቼ በመዳፌ እየተጫንኩ ቀስ ብዬ መሳብ ጀመርኩ፤ መቀመጫውን፣ ስፌቱን፣ የምንጣፉን ጠርዝ።

"ጋሼ፣ መኪናዋን ሊያስቀድሷት ነው?" አለ ወርቁ።

"ዓይን ያላየውን ነጠላ ያገኘዋል። እስካሁን ያገኘውም እሱ ነው።"

የኋላው ረድፍ ንጹሕ ነው። የመሐሉ ግራ ወንበር ንጹሕ ነው። ከመሐሉ በቀኝ በኩል፣ የቀበቶው መቆለፊያ ከሚወጣበት ስንጥቅ ላይ ነጠላው ቆመ። ክሩ ተወጠረ። በጉጠት አወጣሁት፤ ትንሽ፣ የዛገ፣ ማን መቼ እንደጣለው የማይታወቅ መንጠቆ ነው።

ወርቁ ቀልዱን ተወ። "እሳቸው የሚቀመጡት እዚያ ላይ ነው" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው ገና ነው ያልኩህ።"

እሑድ ማታ ወርቁ ደወለ። እማማ ዘነቡን ይቅርታ ሊጠይቅ ደውሎላቸው ኖሯል። "'ሠራሁት ያለው ሰውዬ ይምጣ፤ መጀመሪያ እሱ ይቀመጥበት' ብለዋል፤ አስታማሚ ይዞ መሄድ ስለሚፈቀድ እርስዎን ነው ያሉት" አለኝ። ሌላ ገጣሚ ቢሆን ራሴን አመመኝ ይል ነበር። እኔ ሸሚዜን አስተኮስኩ።

ሰኞ ጠዋት እማማ ዘነቡ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ካለው አፓርታማቸው ደጅ ቆመው ጠበቁን። ነጠላቸውን አልለበሱም፤ አጣጥፈው ፌስታል ውስጥ ከተውታል።

"ዓሣ አጥማጁ!" አሉ ወርቁን። "ዛሬስ ማንን ልታጠምድ ነው?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ። አሁን ተስተካክሏል።"

"ተስተካክሏልን ከሆስፒታል ጠግቤዋለሁ። ሰውዬው የታለ?"

ከፊት ወንበር ወረድኩና የእሳቸው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ተነሥቼ ጀርባዬን አሳየኋቸው። "ልብስ ልትለካ የመጣህ ይመስል ምን ጀርባህን ታዞርብኛለህ" አሉና እጀታውን ይዘው ገቡ። ፌስታሉን ጭናቸው ላይ አድርገው በሁለት እጅ እንደ ሕፃን ያዙት። እኔ ከኋላቸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ለዴል ሰው የማይቀመጥበት ወንበር ያ ነበር። ሚኒያፖሊስ እስክንደርስ ፌስታሉን አልለቀቁም። ወርቁ በመስታወት እያየ ላቡን ይጠርጋል።

እሳቸውን አስገብተን ሐይቅ ዳር ወረድን። ወርቁ ዛሬ ይቅርብኝ ቢል "የተሠራ ነገር ሳይሞከር አይረከብም" አልኩት። ዘንጉን ገጥሞ ቆመ። ትከሻው ቀስ በቀስ ወረደ፣ ፊቱም ተፈታ። ዎላይ ከሚሉት ዓሣ ሁለት ጥሩ ያዘ፤ በረዶ ሳጥን ውስጥ ገቡ። ከዚያ ስልኩ ጮኸ፤ የመመለሻው ሰዓት ደረሰ። ዘንጉ ወደ ቧንቧው፣ መረቡ ወደ እርጥቡ ሳጥን ገባ። የደረቁን ሳጥን ክዳን ሊዘጋ ሲል እጁን ያዝኩት።

አንድ አልጋ ባዶ ነው።

"ውኃ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል" አለ።

"ተበጥሶብሃል?"

"አልተበጠሰም… ጋሼ፣ ሰዓት! ደጅ ካቆምኳቸው እሱም ለካምፓኒው ኮምፕሌይን ያስደርጋል።"

"ብትዘገይ ይቆጣሉ። ይህን ይዘህ ብትሄድ አለቀልህ። መኪናው አይነሣም።"

ሣሩን አየን፣ ድንጋዩን አየን፣ ሳጥኖቹን ገልብጠን አየን። ወርቁ ሣሩን እንደገና በእጁ መደባበስ ጀመረ። እኔ እጁን ስከተል ዓይኔ ክንዱ ላይ ዐረፈ። ሹራቡ እጅጌ ላይ፣ ከታጠፈው ጠርዝ ሥር፣ መንጠቆው ፀሐይ ላይ ብልጭ አለ። ዓሣውን ሲያላቅቅ ሰክቶት ረስቶታል። በዚያ እጅጌ ነበር ጎንበስ ብሎ የእማማ ዘነቡን ቀበቶ ሊያሥርላቸው የነበረው።

ወርቁ መንጠቆውን ነቀለ። አልጋው ላይ አስተኛው፣ ክዳኑን ዘጋ፣ ነዳ።

ስንደርስ እማማ ዘነቡ ከበሩ እየወጡ ነበር። ዳያሊሲስ ሰውን ጨምቆ ነው የሚለቀው፤ ጠዋት ያየሁት ምላስ አብሯቸው የለም። እጀታውን ይዘው በዝግታ ገቡ። ወርቁ ቀበቶውን አሠረላቸው። ትንሽ እንደሄድን ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

"በረደኝ" አሉ። ፌስታሉን ወደ ኋላ ሰጡኝ። "አውጣልኝ።"

ነጠላውን አውጥቼ አለበስኳቸው። ዙሪያቸውን ተጠቀለሉበት፤ ጥለቱ ከወንበሩ ጠርዝ ወርዶ የቀበቶው መቆለፊያ ላይ ተኛ፣ ልክ ያ የዛገ መንጠቆ የነበረበት ስንጥቅ ላይ። መኪናው በታጠፈ ቁጥር ጥለቱ ወዲያ ይሳባል፣ ወዲህ ይሳባል። እኔ ከኋላ ሆኜ እሱን ብቻ ነው የማየው። አንድ ክር አልተወጠረም። ሀይዌይ ላይ ስንገባ ራሳቸው ወደ ጎን ዘንበል አለ፤ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ካምፓኒው ከሰዓት በኋላ ደወለ። ልጃቸው እያስተረጎመች ጠየቁ። ወርቁ በኋላ እንደነገረኝ እማማ ዘነቡ የመለሱት አጭር ነው፤ "ነጠላዬን ለብሼ ተኝቼ መጣሁ በያቸው።" ኮንትራቱ ቀጠለ። ወርቁም ሐይቅ ዳር ቆሟል፣ ዛሬም ድረስ።

"ያ ጉረኛ ሽማግሌም ደህና ሠርቶታል" ብለዋል አሉ። ሽማግሌ መባሌን አልቃወምም።

ፋሲል ሰሞኑን ደወለ። የሸበጥ ሶሉን እንዴት እንደማጣብቀው ሊጠይቅ ነው። ማጣበቂያውን ነገርኩት። ዋናው ማጣበቂያው አይደለም፤ እሱ ግን የጠየቀው እሱን ነው። ዋናውን እዚህ እጽፈዋለሁ፣ ማንበብ የሚችል ያንብበው። ዕቃ መደበቅ ማደራጀት አይደለም። የአንዱ መንጠቆ ቦታ ባዶ ከሆነ፣ ማንም እየጠበቀህ ቢሆን፣ መኪናውን አታንቀሳቅስ።